የዋጥኳት ሲም

ታብሌቷ ቦርሳ ውስጥ ሆና «ጢን» ስትል ሚኒባሱ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ሰማናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ጆሮውን አይሰጣትም ነበር። ያን ዕለት ግን መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው፣ ሞተር አስጠፍተው፣ «ስልክ ያለው ሁሉ ያስረክብ!» ብለው ስልካችንን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ጨርሰዋል። «ሂዱ» እስኪሉን ትንፋሻችንን ውጠን እየጠበቅን ነበር። አንድም ስልክ ቀርቷል ተብሎ በማይታሰብበት መኪና ውስጥ ያቺ ድምፅ ስትሰማ በሩ ላይ የቆመው ሰው ቀና አለ።

«ማነው እሱ?» አለ።

ሁላችንም ባዶ ኪሳችንን ዳበስን።

አየነው ብላችሁ ጥሩኝ። እዚህ የምጽፈው ስም ሁሉ የተለወጠ ነው፤ ለምን እንደለወጥኩት መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ቀርከሃ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ መደርደሪያ እሠራለሁ። አባቴ ቀርከሃ ሰንጥቆ አጥር ያጥር ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ ለአጥር የሚያደርገውን ለሳሎን አደረግሁት። ጠበኛ ሰው አልነበርኩም። በልጅነቴ እንኳ ስደባደብ ያየኝ ሰው የለም። ሰው ሲጣላ ካየሁ መንገድ ቀይሬ የምሄድ ዓይነት ነበርኩ። ባለቤቴ ሰብለ «አንተ ዶሮ ማረድም አትችል» እያለች ትስቅብኛለች፤ እውነቷን ነው፣ የበዓል ዶሮ የሚያርድልን ጎረቤት ነው።

ከዚያ ዕለት በፊት ለቀርከሃ ሠሪዎች ሥልጠና ተብሎ ወደ ቬትናም ሄጄ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም ነበር። ለሠልጣኞች ሁሉ የንድፍ ሥዕል እንድናይባት አንዳንድ ታብሌት ተሰጠን። ሲም የምትቀበል ነበረች። አብሮን የሚሠለጥን አንድ ኬንያዊ ነበር፤ መንገድ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር «የአገርህን መስመር እዚያ ብትከፍት ያከስርሃል፣ ይልቅ ይቺን ግዛ» ብሎ አንድ ሱቅ ወሰደኝ። የትም አገር የምትሠራ ሲም ናት አሉኝ። ዩኒቨርሳል ሲም። አንድ ጊዜ ታብሌት ውስጥ ከገባች አገር በቀየርክ ቁጥር እሷ ራሷ የአገሩን ኔትወርክ ፈልጋ ትይዛለች፤ አንተ ምንም አትነካም።

እውነትም ሠራች። እዚያ ቋንቋ በማላውቅበት አገር አውቶቡስ የምይዘው በእሷ ነበር። ካርታው ላይ ያለሁበት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል፤ ነጥቧን ተከትዬ ማደሪያዬ እገባለሁ። ሰብለም እንጅባራ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር በቪዲዮ ታየኛለች። «ከሳህ» ትለኛለች። «ምን እያበሉህ ነው?» ያቺን ሲም ወደድኳት። ስመለስ እንኳ አውጥቼ አልጣልኳትም፤ ገና ቀሪ ኢንተርኔት ነበራት። ደግሞስ ምን ታደርገኛለች?

ባሕር ዳር አድሬ ጧት ዳንግላ ገባሁ። እዚያ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሚኒባስ ቀየርኩ። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ሁለት ቦርሳ ይዣለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ባዶ እጁን ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ትከሻው የኔን ግማሽ መቀመጫ ወስዶታል። ስጨናነቅ አይቶ «አምጣ፣ አንዱን ልያዝልህ» አለና የታብሌቷን ቦርሳ ከእጄ ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ከሩቅ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«ከውጭ አገር።»

«አትመስልም እኮ። ከውጭ የመጣ ሰው ይወፍራል ሲባል ነው የሰማሁት» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዳንግላ ልብስ ሰፊ እንደሆነ፣ እህቱን ሊጠይቅ ወደ እንጅባራ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሱሪዬን አየት አድርጎ «ይኼን የሰፋው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለኝ። እንዲህ እየተጨዋወትን አዲስ ቅዳምን አለፍን። ስም ለመጠያየቅ ጊዜ ያለን መስሎን ነበር።

ከአዲስ ቅዳም ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኝ በዲከረንስ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ሰዉ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ይበቅላል። ድንጋዩን ያየነው ኩርባውን ስንዞር ነው። ሰዎቹ ከዛፉ ውስጥ ወጡ። የማን ወገን እንደሆኑ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም፤ እነሱም አልነገሩን። ስልክ ስጡ ሲሉ ስልኬን ሰጠሁ። ታብሌቷ ትዝም አላለችኝ። ከአውሮፕላን ጀምሮ ዘግቻት ቆይቼ ዳንግላ ላይ ፎቶ ለማየት ከፍቻት ነበር፣ መልሼ አልዘጋኋትም። እዚያ ዳገት ላይ ቆመን ሳለ ኔትወርክ አገኘች መሰለኝ።

«ማነው ብያለሁ!» አለ በሩ ላይ ያለው። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሽርጥ የጠመጠመ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነበር። ጓደኞቹ ነብሮ ብለው ይጠሩታል። ድጋሚ «ጢን» አለች። ነብሮ ቦርሳውን አየው። ቦርሳው ያለው ልብስ ሰፊው ጭን ላይ ነው።

አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። በኮሌታው ይዞ ጎትቶ አወረደው፤ እንደወረደ በሰደፍ ጎኑን መታው። የአጥንቱን ድምፅ ከውስጥ ሆነን ሰማነው። ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ሌላ አንድ መጣና ፊቱን በጫማው ረገጠው። «ደብቀህ ልታልፍ ነው? ለማን ነው የምትደውለው?» ይሉታል። ሰውዬው ከአፉ ደም እየተፋ አንድ ቃል አልተናገረም። «የኔ አይደለም» አላለም። ጣቱንም ወደኔ አልቀሰረም። ዱላውን ብቻ ይቀበላል።

ከኋላዬ ያለች ሴትዮ «ወይኔ፣ ወይኔ» ትላለች። ሰው ሲጣላ መንገድ የምቀይረው እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም።

«የኔ ነው! ቦርሳው የኔ ነው፣ እሱ የያዘልኝ ነው!» አልኩ።

ነብሮ ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለ። «እንግዲያው ሁለት ናችሁ» አለ።

ሚኒባሱን ለቀቁት። እኛን እጃችንን ከፊት በሲባጎ አስረው ወደ ዛፉ ውስጥ ነዱን። ልብስ ሰፊው ጎኑን ደግፎ እያነከሰ ይሄዳል። አንዴ ወደኔ ዞር ብሎ ቀስ ብሎ «ምን ነበር ቦርሳው ውስጥ?» አለኝ።

«ታብሌት ናት።»

«የራስ ምታት ታብሌት?»

እምላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሳቄ መጣ። ወዲያው ከኋላ በሰደፍ ጀርባዬን መቱኝና አፈር ላይ ተደፋሁ።

አንድ ገላጣ ቦታ ደረስን። የከሰል ጉድጓድ ጢስ ከሩቅ ይታያል። እዚያ ጉቶ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሲያዩት ያስተምር የነበረ ሰው ይመስላል። በአገራችን ቋንቋ፣ በአውንጊ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። በአውንጊ መለስኩለት፤ የአባቴን ስም፣ የመንደራችንን ስም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ትንሽ መለስ አለች።

«ክፈታት» አለኝ ታብሌቷን እያቀበለኝ። በታሰረ እጄ ከፈትኳት። መልእክቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ ነው። ጋሼ ከኔ ወስዶ ቀስ ብሎ እያነበበ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ወደ ኢትዮጵያ እንኳን ደህና መጡ» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው እንኳን ደህና መጣህ የሚልህ?»

«ሰው አይደለም ጋሼ። የሲሟ ኩባንያ ነው። ማሽን ነው የሚልከው።»

«ማሽኑ ኢትዮጵያ መግባትህን በምን አወቀ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ካልኩት አንገቴን ገመድ ውስጥ የማስገባ መሰለኝ። «አገር ሲቀየር… የአገሩን ኔትወርክ ስትይዝ… ያውቃሉ» አልኩ።

«ቁጥሩ የኛ አገር አይደለም» አለ።

«የውጭ ሲም ናት። የትም አገር ትሠራለች። ለጉዞ ነው የገዛኋት። እኔ ቀርከሃ ሠሪ ነኝ ጋሼ፣ ፎቶውን ይዩት፣ ወንበር ነው ያለው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው።»

ፎቶውን ማየት ጀመረ። እውነትም ወንበር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ወንበር አየ። የሰብለንም ፎቶ አየ። ፊቱ ሲለሰልስ አየሁ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሁለታችንም ቤታችን እንገባ ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ። ነብሮ ግን ከትከሻው በላይ እያየ ነበር፤ እጁን ሰደድ አድርጎ የካርታውን ምልክት ነካው።

ካርታው ተከፈተ። መጀመሪያ ቬትናም ታየች፤ ከዚያ ስዕሉ ራሱ በራሱ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በረሃውን ተሻግሮ መጣና አረንጓዴው መሐል ቆመ። ሰማያዊዋ ነጥብ እዚያ ላይ እልም ቦግ ትላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ነብሮ።

መዋሸት አልቻልኩም። ቢያንስ ያን ጊዜ አልቻልኩም። «እኛ ነን» አልኩ። «ያለንበት ቦታ ነው።»

ሁሉም በየተራ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ሲያዩ አየሁ። በዚያ ሰሞን ሰማይ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ድሮን የሚለውን ቃል በአካባቢው ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ነብሮ ቀኝ እጄን ከነሲባጎው ሌላ ጉቶ ላይ ጫነው። «የትኛው ጣትህ ነው የሚጽፍላቸው?» አለኝና ሰደፉን አወረደው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሕመም አልነበረም፤ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ነበር። ሕመሙ በኋላ መጣ። ጮህኩ። ልብስ ሰፊው «ኧረ ባካችሁ! ኧረ በእመብርሃን!» እያለ ይለምናል፤ እሱንም አፉን መቱት።

ጋሼ «በቃ!» አለ። «ሲሟን አውጣት።»

የሲሟ ቤት የሚከፈተው በቀጭን መርፌ ነው። መርፌ የት ይገኛል? ልብስ ሰፊው የተሰነጠቀ ከንፈሩን እየጠረገ «ኮሌታዬ ስር አለ» አለ። ልብስ ሰፊ አይደለ? በታሰረ እጁ ከኮሌታው ስር መርፌ አውጥቶ ሰጠኝ። በግራ እጄ፣ ከብዙ መከራ በኋላ ሲሟን አወጣኋት። መዳፌ ላይ ተቀመጠች። የጣቴን ጥፍር የምታህል ነገር ናት።

«ልስበራት?» አልኩ።

«ዋጣት» አለ ነብሮ።

ጋሼን አየሁት። ጋሼ ፊቱን ወደ ጢሱ አዞረ። አፌ ደርቋል፤ ምራቅ የለኝም። ምላሴ ላይ አስቀመጥኳት። ስትወርድ ጉሮሮዬን ቧጠጠችኝ። ነብሮ አገጬን ይዞ አፌን አስከፍቶ አየ፤ ሕፃን መድኃኒት መዋጡን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ከዚያ ታብሌቷን በድንጋይ ቀጠቀጣት። እነሱ ሳቁ። ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ድምፁ የመጣው ያኔ ነው።

ከደመና በላይ ነው። ወፍራም፣ የማይቋረጥ ጉምጉምታ። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት መንገደኞች ጭኖ ወደሌላ አገር የሚያልፍ ተራ አውሮፕላን ይሆናል፤ ውስጡ እንደኔ ሲም የያዘ ስንት ሰው ይኖራል። መሣሪያ ለያዙት ሰዎች ግን ሞት ነበር የመጣው። አንዱ መሬት ላይ ተኛ። አንዱ ወደ ዛፉ ሮጠ። ነብሮ ግን ወደኔ ነው የዞረው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሆዱ ውስጥ ናት!» አለ። «ጋሼ፣ ሲሟ ሆዱ ውስጥ ናት! እሱ እስካለ ድረስ ያዩናል!»

«ያለ ታብሌቷ አትሠራም! ባትሪ የላትም፣ ፕላስቲክ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል? አስቡት፤ ራሳቸው ያስዋጡኝን ነገር ነው የሚፈሩት።

ጋሼ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። «ተዉት፣ እንሂድ» የሚል ይመስላል ከንፈሩ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ነብሮ አቀባበለ። የአፈሙዙን ቀዳዳ አየሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሰብለን ስም ጠራሁ መሰለኝ።

ከጎኔ አንድ ትልቅ ነገር ሲያልፍ ነፋሱ ተሰማኝ። ልብስ ሰፊው ነው። እጁ እንደታሰረ፣ ጎኑ እንደተሰበረ፣ ያን ግዙፍ ሰውነቱን እንዳለ ነብሮ ላይ ጣለው። ተያይዘው ወደቁ። ተኩሱ ተሰማ፤ ሁለት ጊዜ። አፈርና ደም ፊቴ ላይ ተረጨ። ነብሮ ከሥሩ እየተፍጨረጨረ ወጣ፤ ሽርጡ ደም ሆኗል፣ ግን የሱ ደም አልነበረም። ድምፁ ይበልጥ ቀርቧል። ጋሼ «ተበተኑ!» ብሎ ጮኸ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ጠፋ። ነብሮ ሲሮጥ አንድ ጊዜ ዞሮ አየን። ፊቱን ያን ጊዜ ነው ጥርት አድርጌ ያየሁት።

ጉምጉምታው አልፎ ሄደ። ምንም አልወረደም።

ሲባጎውን በጥርሴ በጠስኩ። ልብስ ሰፊው በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን ይዟል። በጣቶቹ መሐል ደሙ ይፈስሳል። ሸሚዜን አውልቄ በግራ እጄ ጫንኩት፤ ቀኙ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። «እርዱን!» እያልኩ በአማርኛም በአውንጊም ጮህኩ። ከሰል የሚያከስሉ ባልና ሚስት ተኩሱን ሰምተው ተደብቀው ነበር፤ እየፈሩ መጡ። ሚስቲቱ ነጠላዋን ቀድዳ ሆዱን ጠፈረችለት። ባልየው የፈረስ ጋሪ ነበረው፣ ከሰል ተጭኖበታል። ማዳበሪያውን የማውረድ ጊዜ አልነበረም፤ ከሰሉ ላይ አስተኛነው። እኔ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ሰውዬው ያቃስታል። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ገለጠ።

«ስምህ ማነው?» አለኝ።

«አየነው።»

«እኔ ሙሉቀን።» ሆዴን አየ። «ያቺ ነገር… አሁንም ሆድህ ውስጥ ናት?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ» አለ። ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ደም ይዞ መጣ። «አትናገር፣ ደርሰናል፣ በቃ ደርሰናል» አልኩት። የት ነው የደረስነው? ከተማው ገና አይታይም። እጁን አንሥቶ ሸሚዙን አየ። በደሙ ላይ የከሰል ዱቄት ተለጥፎበታል።

«ልብሴን አጠቆረው» አለ። «አስካለ ትቆጣኛለች።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ባለጋሪው ፈረሱን አቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ግን «ንዳ! ለምን ታቆማለህ? ንዳ!» እያልኩ ጮህኩበት። ባለጋሪው ፈረሱን ነዳ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ በሩ ላይ ነርሶች ሙሉቀንን ከጭኔ ሊያወርዱት ሲሞክሩ አለቅም ብዬ ተናንቄያቸዋለሁ አሉኝ። እኔ አላስታውሰውም።

እጄን እንጅባራ ሆስፒታል በጄሶ አሰሩልኝ። ሐኪሙ ስለ ሲሟ ስነግረው መጀመሪያ ደንግጬ የምቃዥ መስሎት ነበር። «በራሷ ጊዜ ትወጣለች፣ አታስብ» አለኝ። ወጣች። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ሰብለ «ብቻህን አትሂድ» ብትለኝም አልሰማኋትም፤ ጄሶዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዳንግላ ለለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ማን እንደሆንኩ ወሬው ቀድሞኛል። አንድ ሰው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ እንደ ሙሉቀን ግዙፍ ነው። ታደለ፣ ታናሽ ወንድሙ። አንገቴን ያዘና የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አጋጨኝ።

«ይኼ ነው ያስገደለው! በዚህ ሰውዬ ዕቃ ነው ወንድሜ የሞተው!»

አልተከላከልኩም። ዓይኔ ጨለመ። ሰዎች እጁን ሊያላቅቁ ይታገላሉ፤ አልቻሉትም። ያስለቀቀችኝ አንዲት ቀጭን ሴት ናት። ጥቁር ለብሳ መጣችና እጁ ላይ እጇን ብቻ አደረገች። «ልቀቀው፣ ልጠይቀው» አለች። አስካለ ነበረች፣ ሚስቱ።

ለቀቀኝ። ተንበርክኬ አየር እስክስብ ጠበቀችኝ።

«ቦርሳውን ለምን ሰጠኸው?» አለችኝ።

«እሱ ነው፣ እታለም። ስጨናነቅ አይቶ ‹አምጣ ልያዝልህ› አለኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። «እሱ ነው» አለች፤ ወደ ሴቶቹ ዞራ «እውነቱን ነው፣ ሙሉቀን ነው» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ልብሱ ለምን ጥቁር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሬሳው ሲመጣ ደሙ ገብቷት ነበር፣ ጥቁሩ ግን አልገባትም። የከሰሉን ጋሪ ነገርኳት። የመጨረሻ ቃሉንም ነገርኳት። ትልቅ ቃል ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ሰምታ ስትጨርስ ደረቷን እየመታች «አልቆጣህም! አልቆጣህም!» እያለች መሬት ላይ ወደቀች። ታደለም አለቀሰ።

ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። አንገቴ ላይ የጣቱን ምልክት አየና ፊቱን አዞረ።

«የገደለውን ሰው ፊት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ካየኸው ንገረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። በዚያ ሰሞን እኔ ራሴ ነብሮን በስንት ዓይነት መንገድ ስገድለው እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዶሮ ማረድ የማልችለው ሰውዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣቶቹን ጉቶ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እቀጠቅጥ ነበር። ሰብለ ጥርስህን ታፋጫለህ እያለች ትቀሰቅሰኛለች።

አሁን እጄ ድኗል ይባላል። ጣቶቼ ግን ጠማማ ሆነው ገጠሙ፤ ቢላዋ አጥብቀው አይዙም። ቀርከሃ ራሴ መሰንጠቅ ስለማልችል ለሌሎች አስተምራለሁ። አንባቢዎቼ፣ ከውጭ አገር ስትመለሱ የውጭ ሲማችሁን ከታብሌታችሁ አውጡና አስቀምጡ፤ የሚፈራ አገር ውስጥ እየገባችሁ ከሆነ ደግሞ ታብሌቱን ራሱን ዝጉት። ይኼን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ጥሩ ምክር ነው። ሙሉቀንን የገደለችው ግን ሲሟ አይደለችም። ሰማይ ላይ ያለ ድምፅ ሁሉ እኔን ፍለጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እጅ ውስጥ መሣሪያ ነበረ። እዚያ ገላጣ ቦታ ላይ ከነብሮ የበለጠ የፈራ ሰው አልነበረም፤ እኔ እንኳ እንደሱ አልፈራሁም።

ይህን የማውቀው ደግሜ ስላየሁት ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ነው። ከተማውን አልጽፍም። መሣሪያ የለውም፤ ሽርጡም የለም። የልጅ ጫማ ሻጭ ፊት ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ጫማ በስንዝሩ ይለካል። ለካና ሻጩን ሌላ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጠየቀው። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። መጀመሪያ ፊቴን አየ፤ ከዚያ እጄን አየ። ጫማዋን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጣት። አልሮጠም። እዚያው ተቀምጦ የማደርገውን ጠበቀ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ስልኬ በግራ እጄ ነው። የታደለን ቁጥር አውጥቻለሁ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ታደለ ከመጣ ይገድለዋል፤ እኔም ቆሜ አይ ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር። ደስታው እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ የነብሮ ወንድም ታደለን ይፈልጋል። ከዚያ አስካለ ሌላ ድንኳን ትጥላለች። ይኼን ሁሉ እዚያ ቆሜ አላሰብኩትም፤ በኋላ ነው ያሰብኩት። እዚያ ቆሜ ያየሁት የሚንቀጠቀጡ እጆች ብቻ ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሄድኩ። ፈራህ በሉኝ፤ ምናልባት ልክ ናችሁ። የሙሉቀንን ደም ከዳህ በሉኝ፤ ያን ደግሞ ራሴን በየቀኑ እለዋለሁ።

ታደለ አሁንም ይደውላል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ እጄ ይጠይቃል፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አየኸው?» ይለኛል። «አላየሁትም» እላለሁ። ውሸቱ በየጊዜው እየከበደኝ ስለመጣ ነው ይህን የጻፍኩት።

ታደለ ብዬ የጠራሁህ ወንድሜ፣ ስምህ ቢለወጥም አንተ መሆንህን ታውቃለህ። አይቼዋለሁ። የት እንዳየሁት ግን አልነግርህም።